ድሬን በጆሮ

ወደ ድሬዳዋ በባቡር የሚሄድ ሰው ስለ መስኮቱ ብዙ ይነገረዋል። አዳማ ካለፉ በኋላ ምድሩ እንዴት እንደሚለወጥ፣ መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅና የፈንታሌ ተራራ እንዴት እንደሚታዩ፣ ከአዋሽ ወዲያ ግመሎች በግራር ሥር ቆመው መንገደኛውን እንዴት እንደሚያዩ ያልነገረኝ ሰው የለም። ስለ ድምፁ ግን ማንም አላነሳልኝም። በ2010 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ይህ ባቡር በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ጸጥ ያለ ይመስላል። ከለቡ ተነስቶ ፍጥነት ሲይዝ ግን ከእግር ሥር ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይጀምራል። በላዩ የማቀዝቀዣው ንፋስ አለ፤ ከብት ሐዲድ ላይ ሲወጣ የሚነፋው ጥሩምባ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስልካቸውን ከፍተው ቪዲዮ የሚያዩ መንገደኞች አሉ።

ስለ ድምፅ እንዲህ የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ በሰፈሬ አሁንም የምጠራው "ሲስተር" እየተባልኩ ነው። ድሬዳዋ የምትኖር ታላቅ እህት አለችኝ። ዱባይ የምትሠራው ልጇ ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት ደውላ፣ "አክስቴ፣ እማዬ ስልክ ማንሳት ትታለች። ብታነሳም 'ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ' ብላ ትዘጋለች። ምን አስቀይሜያት ይሆን?" አለችኝ። እህቴ ቂም የምትይዝ ሰው እንዳልሆነች አውቃለሁ። የጠረጠርኩት ጆሮዋን ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር የ14 ዓመቱን የልጅ ልጄን አስከትዬ ተነሳሁ። እሱም የራሱ የጆሮ ነገር ነበረው።

ልጁ ከቤት ሲወጣ ጀምሮ ጆሮው ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡትን ትንንሽ ኤርፎኖች እንደሰካ ነበር። ቢሾፍቱን ሳናልፍ የሚያዳምጠውን ዘፈን እኔም ከጎኑ ሆኜ እሰማው ጀመር። ለወላጆች ብዙ ጊዜ የምነግራቸው ቀላል መፈተኛ አለኝ፦ ልጁ ጆሮው ላይ እንደሰካ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ሆናችሁ በተለመደው ድምፃችሁ ስሙን ጥሩት። ካልሰማችሁ፣ ወይም እናንተ የእሱን ዘፈን ከሰማችሁ፣ ድምፁ በዝቷል። ሁለት ጊዜ ጠራሁት፤ አልዞረም። ስልኩን ሳየው የድምፁ መስመር ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው።

ይህ የጥጋብ ጉዳይ አይደለም። ትንንሾቹ ኤርፎኖች የጆሮውን ቀዳዳ በደንብ ስለማይዘጉ የባቡሩ ጉርምርምታ በጎናቸው ይገባል። ልጁም ጉርምርምታውን ለመሸፈን ዘፈኑን ይጨምራል። በታክሲ፣ በአውቶቡስ፣ ጄነሬተር ባለበት ግቢ ሁሉ የሚሆነው ይኸው ነው። ልጆቻችን ድምፅ የሚያበዙት ብዙውን ጊዜ ጫጫታ ስለሚወዱ ሳይሆን ከሌላ ጫጫታ ለማምለጥ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ላይ ግልጽ ቁጥር አለው። ለአዋቂ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል ባልበለጠ ድምፅ፣ ለልጆች ደግሞ ለዚያው ሰዓት ከ75 ዴሲቤል ባልበለጠ ድምፅ ማዳመጥ ይመከራል። ዴሲቤል እንደ ኪሎ የሚደመር ነገር አይደለም። በ3 ሲጨምር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ለአዋቂ በ80 ዴሲቤል 40 ሰዓት ከሆነ፣ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው። 100 ዴሲቤል ከደረሰ በሳምንት 20 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ዴሲቤል መለኪያ የሌለው ቤት፣ ከስልኩ ሙሉ ድምፅ 60 በመቶ አለማለፍን ቢይዝ ጥሩ ነው።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን መጨረሻ እንደሚሰማ ለመናገር የወጣ ነው፤ ለእኔ ሙያ ግን ቃል በቃል ይሠራል። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን ወደ አእምሮ የሚያሻግሩ ፀጉር መሰል ሕዋሶች አሉ፤ በአንድ ጆሮ ቁጥራቸው ወደ 15 ሺህ ገደማ ነው። ሲጎዱ አይቆስሉም፣ አይደሙም። ከሞቱም አይተኩም። ባለቤቱ የሚያውቀው ብዙዎቹ ካለቁ በኋላ ነው። ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ቢኖር፣ ኤርፎኑ ከወለቀ በኋላ ጆሮ "ጭው" ማለቱ ነው። ልጃችሁ ጆሮዬ ጭው አለ ካላችሁ በቀላሉ አትለፉት።

የልጁ እናት ለሥራ የምትጠቀምበትን ትልቁን ሄድፎን ለጉዞው ለምኜ ይዤ ነበር። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ቅስቱ በራስ ላይ የሚያልፍ፣ እንደ ትራስ የለሰለሰ ዙሪያ ያለው ነው። ሞጆን እንዳለፍን ያንኑ ዘፈን በዚህ እንዲሰማ አደረግሁት፤ ግን ድምፁን ከዜሮ ጀምሮ ራሱ እየጨመረ "በቃኝ" በሚልበት እንዲያቆም ነገርኩት። ከግማሽ በታች ቆመ። ስልኩን አየና፣ "እማማ፣ ይሄ ልክ አይደለም፤ ከቅድሙ በላይ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማኝ" አለ።

ለኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ስቴቶስኮፕ ያስተማረኝ ነው። የደም ግፊት ስንለካ የስቴቶስኮፑ ጫፍ ጆሯችን ውስጥ ጠበቅ ብሎ ካልገባ የደሙን ምት አንሰማም፤ ክፍሉ ውስጥ የሚያወራው ሰው ምቱን ይውጠዋል። አስተካክለን ስናስገባው ያው ምት ጎልቶ ይመጣል። የምቱ ኃይል አልተጨመረም፤ የተዘጋው ክፍተቱ ነው። የሄድፎንም ነገር እንዲሁ ነው። ዙሪያው ክፍተት ሳይተው ከገጠመ የውጭው ድምፅ ይቀንሳል፣ ወፍራሙ የሙዚቃ ድምፅም አያመልጥም፤ ስለዚህ ትንሽ ድምፅ ይበቃል።

ያ ሄድፎን ሌላም ብልሃት ነበረው። ከውጪው በኩል ትንንሽ ማይክሮፎኖች አሉት፤ እነሱ የባቡሩን ጉርምርምታ ይሰማሉ፣ ሄድፎኑ ደግሞ የሱ ተቃራኒ የሆነ ሞገድ ያወጣል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። አማር ቦዝ የተባለው አሜሪካዊ መምህርና መሐንዲስ ይህን ያሰበው በ1978 እ.ኤ.አ. ከዙሪክ ሲመለስ፣ የአውሮፕላኑ ጫጫታ ሙዚቃውን ሲያበላሽበት ነው ይባላል። ለአብራሪዎች የሚሆነው ሄድፎን ለገበያ የቀረበው በ1989 ነው። ብልሃቱ እንደ ሞተርና ማራገቢያ ላለ ወጥ ድምፅ በጣም ይሠራል፤ ለሰው ንግግርና ለድንገተኛ ድምፅ ግን ያን ያህል አይሆንም። ከፊት ለፊታችን የተቀመጠችው ሕፃን ስታለቅስ ልጁ በደንብ ሰምቷታል፤ እንኳንም ሰማ፤ ብስኩቱን ያካፈላት እሱ ነው።

ከአዋሽ በኋላ ጥሩምባው ደጋግሞ ሲነፋ ልጁ ሄድፎኑን አውልቆ አንገቱ ላይ አደረገው። ግመሎች ሐዲዱን እያቋረጡ ነበር፤ እረኛው በትሩን ይዞ ይጮሃል፣ ድምፁ በመስታወቱ በኩል በስሱ ይገባል። መንገድ ላይ ሁለት ነገር ብቻ አስጠንቅቄዋለሁ፦ ጣቢያ ስንወርድና አስፋልት ስናቋርጥ ጆሮው ባዶ እንዲሆን። ውጭውን በደንብ የሚዘጋ ሄድፎን መኪናንም ባጃጅንም አብሮ ይዘጋል።

ድሬዳዋ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ በባጃጅ ገባን። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አዲስ አበባ ተነስቶ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የሚወርድ ሰው፣ ሙቀቱ እንደ እንጀራ ምጣድ ፊቱን ይመታዋል። ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት። የመጀመሪያው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ለመግባት ግን እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጅቶበታል። ከዚራ ቀጥ ባሉ መንገዶቿና በዛፎቿ ጥላ፣ መጋላ በገበያዋ፣ በመካከላቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነው ደቻቱ። በአንድ ጥግ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ ይሰማል። ጆሮ ያለው ሰው የሚጠግብባት ከተማ ናት።

እህቴ ግን ከዚያ ሁሉ ርቃ አገኘኋት። አቅፋ ሳመችኝ፤ ሻይ አቀረበች፤ ጥያቄ ስጠይቃት ግን ፈገግ ብላ "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች፣ ምንም ብጠይቃት። ልጁ ገብቶ "ሰላም ነዎት?" ሲላት "የምን ላም?" አለችው። ሳቅን፤ እሷም አብራን ሳቀች፤ እኔ ግን ውስጤ አዘነ። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭን ድምፆችን ነው። "ሰ"፣ "ሸ"፣ "ፈ"፣ "ተ" ይጠፋሉ፤ ወፍራሞቹ ይቀራሉ። ስለዚህ ሰውየው መናገራችሁን ይሰማል፤ ምን እንዳላችሁ ግን አይለይም። የሴትና የሕፃናት ድምፅ የበለጠ ያስቸግረዋል። ስልክ ላይ ደግሞ የአፍ እንቅስቃሴ የለም። "ምን አልሽ?" ማለት የሰለቸው አዛውንት "ደህና ሁኚ" ብሎ ይዘጋል። ቤተሰብ ይህን ኩርፊያ ወይም መርሳት ነው ብሎ ይተረጉመዋል።

በማግስቱ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ክሊኒክ ነው። ሄድፎን ከመግዛት በፊት ጆሮ መታየት አለበት። አንደኛው ጆሮዋ በኩክ ተደፍኗል። ለጥቂት ቀን ማለስለሻ ጠብታ ተደረገላት፤ ከዚያ ታጠበ። ቤት ውስጥ በክብሪት እንጨት ወይም በቁልፍ መቆርቆር ኩኩን ወደ ውስጥ ከመግፋትና ታምቡርን ከመብሳት ሌላ ጥቅም የለውም። ከታጠበ በኋላ ተሻላት፤ ነገር ግን "ሰ"ና "ፈ" አልተመለሱም። ለመስማት ምርመራ ቀጠሮ ተያዘላት። ቀጠሮው እስኪደርስ ግን ልጇ ከዱባይ በየማታው እየደወለች ነበር።

ስለዚህ ወደ ታይዋን ሄድን። ለማታውቋት፣ ታይዋን የድሬ የኤሌክትሮኒክስና የልብስ ገበያ ናት። የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም። ሻጩ ወጣት ገና ስንገባ፣ "አቦ፣ ነይ እናቴ! ይሄን ስሚው፣ ባሱ ቤት ያናጋል" አለኝ። ቤት እንዲናጋ አልፈልግም፤ የሰው ንግግር እንዲጠራ ነው የምፈልገው አልኩት። ወፍራሙ ድምፅ ሲበዛ ቀጫጭኖቹን ይሸፍናል፤ እህቴ የጎደሏት ደግሞ ቀጫጭኖቹ ናቸው። ስለዚህ ዘፈን አላስከፈትኩትም፤ ዜና እንዲከፍት አደረግሁ። ዜና አንባቢው ጥርት ብሎ የተሰማበትን ሦስቱን ለየን።

ከዚያ ምቾቱን መፈተሽ ጀመርኩ፤ እዚህ ላይ የነርስ ዓይን ይጠቅማል። በሽተኛ አልጋ ላይ ሲተኛ የሚቆስለው አጥንት ቆዳን በሚጫንበት ቦታ ነው። ሄድፎንም የሚያሳምመው በሁለት ቦታ ነው፦ ቅስቱ አናትን በሚጫንበትና ትራሱ የጆሮን ጠርዝ በሚረግጥበት። የመጀመሪያው ከክብደት ይመጣል። በእጄ መዘንኳቸው፤ ትልቅ ብርቱካን የሚያህል፣ 250 ግራም ገደማ የሆነው ተሻለ። ሁለተኛው ከትራሱ ጥልቀት ይመጣል፤ ጆሮ ውስጡ ገብቶ ምንም ሳይነካ መቀመጥ አለበት። በጣም የሚጨብጥ ራስ ያሳምማል፤ በጣም የላላ ደግሞ ክፍተት ይተዋል።

የትራሱ ልባስ ነገር አዲስ አበባ ቢሆን ትዝ አይለኝም ነበር። ሌዘር መሳዩ ፕላስቲክ ውጭውን በደንብ ይዘጋል፤ በድሬ ሙቀት ግን በአምስት ደቂቃ ያልባል። ላብ ያለበት ቆዳ ያሳክካል፣ ይላጣል። የጨርቅ ልባስ ያለው ውጭውን ትንሽ ያስገባል፤ ነገር ግን አየር ያገኛል። ቤቷ ጸጥ ያለ ስለሆነ ለእህቴ ጨርቁን መረጥኩ። ባቡርና አውቶቡስ ለሚበዛበት ልጅ ሌዘር መሳዩ ይሻል ይሆናል፤ ሰዉን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ማየት ነው።

እህቴን ዱካ ላይ አስቀምጬ አሥር ደቂቃ ሙሉ እንድታደርገው ጠየቅኩ። ሻጩ ታግሶ ሻይ አዘዘልን። በሁለት ደቂቃ የማይሰማ ሕመም በአሥር ደቂቃ ይወጣል። ሻሿ ትራሱ ሥር ገብቶ ክፍተት ስለፈጠረ ከጆሮዋ ጀርባ አደረግንላት። ጉትቻዋን አወለቅን። የመነጽሯ ዘንግ ቀጭን ስለሆነ አላስቸገረም፤ ወፍራም ዘንግ ቢሆን ይጫናት ነበር። ስልኳ የሽቦ መሰኪያ ስላለው ባለ ሽቦውን ገዛን፤ ማይክሮፎኑ ሽቦው ላይ አለ፣ ቻርጅ የሚባል ጣጣ የለበትም። የታዋቂ ድርጅት ስም ተጽፎበታል፤ እውነት ይሁን አይሁን ለመከራከር አልቆየሁም። ስሙን ሳይሆን ድምፁንና ትራሱን ነው የገዛሁት።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ልጁ ሄድፎኑን አስተካክሎ አደረገላት፤ ድምፁን ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ጨመረ። እህቴ ጥቂት ዝም አለች። ልጇ ምን እንዳለቻት እኛ አልሰማንም። ከዚያ እህቴ፣ "ጉንፋን ይዞሻል እንዴ? ድምፅሽ ተዘግቷል" አለቻት። በእርግጥም ይዟት ነበር። ለወራት ቃሏን እንኳ መለየት ያቃታት እናት፣ የልጇን ድምፅ መሻከር ለየች። ልጅቷ ከዚያ ማዶ ማልቀሷን ያወቅነው እህቴ "አታልቅሺ፣ ሰማሁሽ እኮ" ስትል ነው።

ይህ ተአምር አይደለም። ከጆሮ ጋር በአንድ ጎን ከሚያዝ ስልክ ይልቅ ሄድፎን ድምፁን ለሁለቱም ጆሮ ያቀርባል፤ የቴሌቪዥንና የማራገቢያ ድምፅም ይቀንሳል። ይህ ደግሞ ለስልክና ለሬዲዮ ነው እንጂ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ ወይም ለለቅሶ ቤት ጨዋታ አይሆንም። እነዚያ ቦታዎች የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ይፈልጋሉ፤ ለዚያ ደግሞ ምርመራ ያስፈልጋል። አንደኛው ጆሮው በድንገት መስማት ያቆመ፣ መግል የሚወጣው፣ የሚያዞረው ሰው ሄድፎን መግዣ ሳይሆን ሐኪም ይፈልግ፤ በድንገት የሚመጣው በተለይ ቀን የማይሰጥ ነው።

ለአዛውንትም ቢሆን ድምፅ ወሰን አለው። እህቴ በሦስተኛው ቀን "ጨምርልኝ" ስትለው ልጁ፣ "እማማ እስከዚህ ብቻ ነው ያሉት" ብሎ መስመሩን አሳያት። በየግማሽ ሰዓቱ ታወልቃለች፤ ጆሮዋ አየር ያገኛል፣ ላቧም ይደርቃል። ትራሱን ማታ ማታ በደረቅ ጨርቅ እንጠርጋለን። ጆሮው ያመመው ሰው ካለ አናዋስም።

ልጁ በዚያ አሥር ቀን የራሱን ሥራ አገኘ፤ የአክስቱ ስልክ ኃላፊ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ከተማዋ በሙቀት ጋደም ስትል እሱም ሄድፎኑን አድርጎ ይጋደማል፤ ድምፁ ከግማሽ በታች ነው፣ አልፎ አልፎ ሄጄ አያለሁ። ፀሐይ ስትበርድ ደግሞ ሰው ወንበሩን ይዞ ደጅ ይወጣል፣ ጨዋታው ይደምቃል፤ ያኔ ሳይነገረው ያወልቀዋል።

የእህቴ የመስማት ምርመራ እኛ ከተመለስን በኋላ ነው። ልጇ ትናንት ደውላልኝ ነበር። እናቷ አሁን ስልክ ማንሳት ብቻ ሳይሆን መዝጋትም እንዳስቸገራት ነገረችኝ።